የሰው ጂን እርሾ ውስጥ ምን ይሠራል?

ለመስቀል ሰሞን ኩታበር አክስቴ ዘንድ ሄጄ ነበር። የደረስኩት ጠላ በምትጠነስስበት ቀን ነው። ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ታጥኗል፣ የተወቀጠው ጌሾና ብቅሉ በውሃ ተበጥብጦ ገብቷል። እሷ አፉን በጨርቅ ስታስር ልጇ ጥግ ላይ ተቀምጦ ስልኩን ይጎረጉራል። ድንገት ቀና ብሎ፣ "ሳይንቲስቶች የሰውን ጂን እርሾ ውስጥ ክሎን አድርገው፣ መልሰው ሰው ህዋስ ውስጥ አሠሩት ይላል" አለ።

"ኧረ በማርያም! ሰውን እንደ ጠላ ሊጠነስሱት ነው?" አለች አክስቴ።

ሳቅን። እሷ ግን አልሳቀችም። ወደኔ ዞራ፣ "አንተ ባዮሎጂ ታስተምር የለም እንዴ? ንገረኛ!" አለችኝ።

የዚያን ዕለት በአጭሩ መለስኩላት። ነገሩ ግን በአጭሩ የሚያልቅ ስላልሆነ እዚህ ዘርዘር አድርጌ ጽፌዋለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ክሎን የምትለዋን ቃል እናጥራት። ክሎን ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የምትለው ዶሊ ናት፣ በ1996 ስኮትላንድ የተወለደችው በግ። የጂን ክሎን ከዶሊ ጋር የሚጋራው ስሙን ነው ማለት ይቻላል። ሸንኮራ የሚተክል ገበሬ አንዱን ጥሩ አገዳ ከነአንጓው እየቆራረጠ ይተክላል፤ የሚበቅለው ሁሉ የዚያው የአንዱ አገዳ ልክ ነው። ጂን ክሎን ማድረግም ይኸው ነው። ከረጅሙ የዲኤንኤ ክር አንዷን ቁራጭ መርጦ፣ ቶሎ ቶሎ በሚራባ ደቂቅ ፍጥረት ውስጥ አስገብቶ፣ እሱ ሲባዛ እሷም አብራ እንድትባዛ ማድረግ። የሚወለድ ሰው የለም። በመጨረሻ የሚገኘው አንድ ብልቃጥ ሙሉ አንድ ዓይነት ቁራጭ ነው።

እርሾውም እንግዳ ፍጥረት አይደለም። ጋኑ ውስጥ ከሌሎች ጥቃቅን ሕያዋን ጋር ሆኖ ጥንስሱን የሚያፈላው፣ ከሱቅ ተገዝቶ ዳቦ የሚያነሳው፣ ላብራቶሪ ውስጥ የሰው ጂን የሚሸከመው፣ ሳካሮማይሲስ ሰርቪሲኤ የሚባል አንድ ዝርያ ነው። አክስቴ እርሾ ገዝታ ጥንስስ ላይ አትጨምርም፤ ከብቅሉ፣ ከጌሾውና ከራሱ ከጋኑ ጋር ይመጣላታል። (የኮምቦልቻ ሰዎች፣ ላገር ቢራ የሚጠመቅበት እርሾ የዚሁ ዲቃላ ዘመድ ነው። ከቤተሰቡ አልወጣችሁም።) ይህ አንድ ህዋስ ብቻ ያለው ፍጥረት እንደኛ ኒውክለስ አለው፣ ዲኤንኤውም እንደኛ በክሮሞሶም ተጠቅልሎ ይቀመጣል። 16 ክሮሞሶሞች፣ 12 ሚሊዮን ገደማ ፊደል፣ ወደ 6 ሺህ ጂኖች። ኒውክለስ ካላቸው ፍጥረታት መካከል ዲኤንኤው ከዳር እስከ ዳር ለመጀመሪያ ጊዜ የተነበበው የእሱ ነው፣ በ1996።

የሰው ደግሞ 3.1 ቢሊዮን ገደማ ፊደል ነው፤ ፊደሎቹ ኤ፣ ቲ፣ ጂ እና ሲ የሚባሉት አራቱ ብቻ ናቸው። ፕሮቲን የሚያሠሩት ጂኖች ወደ 20 ሺህ ይጠጋሉ። ይህን ዘጠነኛ ክፍል የደረሰ ሁሉ ሰምቶታል። እኛ አስተማሪዎች ብዙ ጊዜ ዘለል አድርገነው የምናልፈው ሌላውን ነው፦ ጂን ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው ድረስ የፕሮቲን ትእዛዝ አይደለም።

የአክስቴ ጎረቤቶች በመውሊድ ሰሞን መንዙማ ያስደርጋሉ፤ አጥር ተሻግሮ እስከ ሌሊት ይሰማል። እንበልና አንድ ሰው ግጥሙን አንድም ቃል ሳያስቀር በደብተር ገልብጦ ደሴ ወሰደው። ምን ያህሉን ወሰደ? አውጪው የቱ ላይ ድምፁን እንደሚለቅ፣ የቱ ላይ እንደሚሰብረው፣ ድቤው መቼ እንደሚገባ፣ ተቀባዩ ስንት ጊዜ እንደሚመልስ ደብተሩ ላይ የለም። ደብተሩን ለማያውቅ ሰው ቢሰጡት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ድምፅ ይወጣዋል።

ጂንም እንዲህ ነው። ፕሮቲኑን የሚናገሩት ክፍሎች ኤግዞን ይባላሉ። በመሃላቸው ኢንትሮን የሚባሉ ረጃጅም ክፍሎች አሉ፤ ህዋሱ መልእክቱን ሲገለብጥ አብሮ ይገለብጣቸውና በኋላ ቆርጦ ይጥላቸዋል። ከጂኑ ፊት "ከዚህ ጀምር" የሚል ማስጀመሪያ አለ። ከዚያም ወዲያ፣ አንዳንዴ በአሥር ሺዎች ፊደል ርቀት ላይ፣ በየትኛው አካል፣ በየትኛው ዕድሜ፣ በምን ያህል መጠን እንደሚሠራ የሚያዙ ተቆጣጣሪዎች ተበትነዋል። ኢንትሮን መኖሩ የታወቀው በ1977 ነው፤ ፊሊፕ ሻርፕና ሪቻርድ ሮበርትስ በ1993 ኖቤል የተሸለሙት በዚሁ ነው።

መጠኑ እንዲታየን ሲስቲክ ፋይብሮሲስ የሚባለውን፣ ሳንባንና ቆሽትን የሚጎዳውን በሽታ እንውሰድ። የሚመጣው ሲኤፍቲአር የተባለው ጂን ሲበላሽ ነው። ጂኑ 189 ሺህ ፊደል ገደማ ይረዝማል። ህዋሱ ኢንትሮኖቹን ጥሎ የሚያስቀረው መልእክት ግን 6 ሺህ ገደማ ነው፣ ከመቶው ሦስት እጅ ያህል።

የመጀመሪያዎቹ የጂን መሐንዲሶች ያደረጉት የደብተሩን ሰውዬ ነው፤ መልእክቱን ብቻ ወሰዱ። ይህ አጭር ግልባጭ ሲዲኤንኤ ይባላል። ከፊቱ ብዙ ጊዜ ከቫይረስ የተወሰደ፣ ቀን ከሌት ሥራ ሥራ የሚል ማስጀመሪያ ይለጠፍበታል። አልንቀውም፤ ዛሬ በዓለም ላይ ያሉ በርካታ መድኃኒቶች የተገኙት በአጫጭር ግልባጮች ነው። የሰው ኢንሱሊን በ1978 በባክቴሪያ ሲመረት፣ በ1982ም ለሕመምተኛ ሲፈቀድ፣ ላብራቶሪ ውስጥ የተገጣጠመ አጭር ጽሑፍ በቂ ነበር። ኢንሱሊኑ ተመርቶ፣ ተጣርቶ በመርፌ ስለሚሰጥ ጂኑ መቼ ተነሳ መቼ ተኛ የሚለው ለማንም አያሳስብም።

የሚያሳስበው ጂኑ ራሱ ሰው ህዋስ ውስጥ ገብቶ እንዲኖር ሲፈለግ ነው። እዚህ ላይ ከቤታ ግሎቢን የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ደም ውስጥ ኦክስጅን ከሚሸከመው ከሄሞግሎቢን ክፍሎች አንዱ ነው። ጂኑ ትንሽ ነው፣ 1,600 ፊደል ገደማ። በ11ኛው ክሮሞሶም ላይ ከወንድሞቹ ጋር በአንድ ሰፈር ይኖራል፤ አንዳንዶቹ በፅንስነት ጊዜ ይሠራሉ፣ እሱ ከተወለድን በኋላ ተራውን ይረከባል። ሰፈሩን የሚያዘው አለቃ ግን ከእሱ 50 ሺህ ፊደል ገደማ ርቆ ነው የተቀመጠው። ታላሴሚያ ከሚባለው የደም ሕመም ከሚሠቃዩ ሰዎች መካከል የቤታ ግሎቢን ጂናቸው አንድም ፊደል ሳይነካ፣ ያ ሩቅ ተቆጣጣሪ ብቻ ተቆርጦ በመጥፋቱ የታመሙ ተገኝተዋል። ጂኑ አለ፤ የሚያስነሳው የለም። በ1993 ተመራማሪዎች ሰፈሩን በሙሉ፣ አለቃውን ጨምሮ፣ በእርሾ ውስጥ በተያዘ ክሮሞሶም ላይ አድርገው ወደ አይጥ አስገቡት። የሰው ጂኖች አይጥ ውስጥ ሆነው እንኳ ተራቸውን ጠበቁ፤ የፅንሱ በፅንስነት ተነሳ፣ የአዋቂው በኋላ።

እንግዲህ ሙሉውን መያዝ ካስፈለገ መያዣው ትልቅ መሆን አለበት። ባክቴሪያ ውስጥ የሚቀመጠው፣ ፕላዝሚድ የሚባለው ክብ ዲኤንኤ ከ10 እስከ 15 ሺህ ፊደል ሲጭኑበት መንገዳገድ ይጀምራል። በእንቅብ ኩንታል ጤፍ እንደ መሸከም ነው። እርሾ ግን የራሱ ትንሹ ክሮሞሶም 230 ሺህ ፊደል ነው፣ ከትልልቆቹ አንዱ ሚሊዮን ተኩል ይደርሳል። ትልቅ ጭነት ለእሱ የለመደው ነው።

ክሮሞሶም ሆኖ ለመኖር የሚያስፈልጉት ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛው መባዛት የሚጀምርበት ቦታ ነው። ሁለተኛው ሴንትሮሜር፣ ህዋሱ ለሁለት ሲከፈል ክሮሞሶሙ ተይዞ ወደየልጁ የሚጎተትበት እጀታ። ሦስተኛው ቴሎሜር፣ የጫፉ መቋጫ፤ የጋቢ ጫፍ ካልተቋጨ እንደሚተረተር ሁሉ ክሮሞሶምም ጫፉ ካልታሰረ ይበላል። በ1983 አንድሩ መሪና ጃክ ሾስታክ እነዚህን ገጣጥመው እርሾ ውስጥ የሚኖር ሰው ሠራሽ ክሮሞሶም ሠሩ። (ሾስታክ በ2009 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ኖቤል የተሸለመው በቴሎሜር ሥራው ነው።) በ1987 ደግሞ አሜሪካ ሴንት ሉዊስ ውስጥ ዴቪድ በርክ፣ ዦርዥ ካርልና ሜይናርድ ኦልሰን በዚህ ዓይነት ክሮሞሶም ላይ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የሰው ፊደሎች ጭነው እርሾ ውስጥ አራቡ።

ደስታው ሙሉ አልነበረም። እርሾ አንድ ዓመል አለው፤ የተቆረጠ ዲኤንኤ ሲያገኝ ይሰፋዋል። ስለዚህ ከአንድ በላይ የሰው ቁራጭ ወደ አንዱ እርሾ ሲገባ፣ ከ3ኛው ክሮሞሶም የመጣውን ከ12ኛው ጋር አያይዞ ቁጭ ይላል። ከመጀመሪያዎቹ ስብስቦች ውስጥ ግማሽ ገደማው እንዲህ የተዳቀለ ሆኖ ተገኘ። በ1992 እስከ 300 ሺህ ፊደል የሚችል የባክቴሪያ መያዣ ሲመጣ ብዙው ሰው ወደዚያ ሄደ፤ የሰው ጂኖም በአብዛኛው የተነበበውም በዚያ ነው።

እኔን የሚገርመኝ የቀጠለው ነው። ያበላሸው ዓመል መሣሪያ ሆነ።

እርሾ ሲሰፋ ዝም ብሎ ጫፍ ለጫፍ አይቀጥልም። ጫፉ ላይ ያለውን ጽሑፍ አይቶ፣ ያንኑ የሚመስል ጽሑፍ ፈልጎ፣ በዚያ ልክ ያጋጥማል። የኛ ህዋስ ብዙውን ጊዜ እንደ ቸኮለ ልብስ ሰፊ የተቆረጠውን ጫፍ ከጫፍ ያገናኘዋል፤ እርሾ ግን ጥለቱ ከጥለቱ ሳይጋጠም መርፌ ማንሳት አይወድም። በ1996 ቭላድሚር ላሪዮኖቭ፣ ናታሊያ ኩፕሪናና ባልደረቦቻቸው ይህን ዓመል ወጥመድ አደረጉት። ዘዴው ታር ይባላል። አጭር የዲኤንኤ መያዣ ያዘጋጃሉ፤ በአንደኛው ጫፍ የሚፈልጉት ጂን ከሚጀምርበት አካባቢ፣ በሌላው ጫፍ ከሚያልቅበት አካባቢ የተገለበጠ ጽሑፍ ይለጥፉበታል። እያንዳንዱ መንጠቆ 60 ፊደል ያህል ቢሆን በቂ ነው። ይህንን መያዣና የሰውን ዲኤንኤ ሙሉውን ለእርሾው ይሰጡታል። እርሾው መንጠቆውን ያያል፣ መሳዩን ይፈልጋል፣ ያገኛል፣ ይሰፋል። በሁለቱ መንጠቆዎች መካከል ያለው ጂን ከነኢንትሮኑ፣ ከነማስጀመሪያው ተጠልፎ ይገባል።

ሲወራ ቀላል ነው። እጅ ላይ ግን ሁለት አስቸጋሪ ቦታዎች አሉ።

አንዱ የሰውን ዲኤንኤ ሳይበጠስ ማውጣት ነው። ከደም ዲኤንኤ ማውጣት ተማሪም ይችለዋል፤ ግን ቱቦውን ትንሽ ጠንከር አድርገህ ካወዛወዝከው ክሩ ይበጣጠሳል፣ ጂኑም ሙሉ መሆኑ ይቀራል። ትኩስ እንጀራ ከምጣድ ላይ በጣት እንደ ማንሳት ነው። ስለዚህ ህዋሶቹን አስቀድመው ረግቶ እንደ ጄሊ በሚሆን ነገር ውስጥ ያስቀምጧቸዋል፤ ሽፋናቸው የሚፈርሰው፣ ፕሮቲናቸው የሚታጠበው እዚያው እንደተቀመጡ ነው። ፈሳሹን ሲያንቀሳቅሱ የመምጠጫውን ጫፍ በመቀስ ቆርጠው አፉን ያሰፉታል፣ ቀስ ብለው ይስባሉ፣ ቀስ ብለው ይለቃሉ። ሰፌድ ከሥር ማስገባት ማለት ነው።

ሁለተኛው የእርሾው ግድግዳ ነው። ወፍራም ነው፣ ረጅም ዲኤንኤ አያሳልፍም። ስለዚህ በኢንዛይም ያሟሙታል። ግድግዳው የወለቀለት እርሾ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ቢገባ ውሃ ስቦ ይፈነዳል፤ ሶርቢቶል የሚባል ስኳር መሰል ነገር በበዛበት ፈሳሽ ውስጥ ነው የሚቆየው። ኢንዛይሙ ትንሽ ከቆየ እርሾው ይሞታል፣ ቶሎ ከተነሳ ግድግዳው አይወልቅም። ከዚያ ዲኤንኤውና እርሾው ይቀላቀላሉ፣ ፒኢጂ የሚባል ወፈር ያለ ፈሳሽ ሁለቱን ያጣብቃል፣ ዲኤንኤው ይገባል። በመጨረሻም ሂስቲዲን የሚባለው ንጥረ ነገር በሌለበት ምግብ ላይ ይዘራሉ። እርሾው ሂስቲዲን ለራሱ መሥራት እንዳይችል ተደርጎ የተመረጠ ነው፤ መሥሪያው ያለው መያዣው ላይ ስለሆነ፣ መያዣው ያልገባለት ይራባል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሳህኑ ላይ ነጫጭ ጠብታ የመሰሉ መንጋዎች ይታያሉ።

ከእነዚህ ውስጥ የተፈለገውን ጂን የያዙት ስንት ናቸው? በመጀመሪያው አሠራር ከሺህ መንጋ ከ5 እስከ 20። ያንሳል? 100 ሺህ ፊደል የሚረዝም ጂን ከመላው የሰው ዲኤንኤ ውስጥ ከ30 ሺህ ቁራጮች አንዱ ማለት እኮ ነው። ከ30 ሺህ ሰው ገበያ ውስጥ አንድ ሰው በመልኩ ብቻ ለይቶ መያዝ ነው። በ2015 እነ ላሪዮኖቭ ክሪስፐር በሚባለው መቀስ ዲኤንኤውን አስቀድመው ከጂኑ ግራና ቀኝ ሲቆርጡት፣ የእርሾው የመስፋት ዓመል ይበልጥ ተቀሰቀሰና ከመቶው እስከ 32 ደረሰ። በሺህ ምትክ ጥቂት ደርዘን መመርመር በቂ ሆነ።

ልጁ እዚህ ላይ ያቋረጠኝ ጥያቄ ጥሩ ነበር። "ታዲያ እርሾው የሰው ፕሮቲን መሥራት ይጀምራል?"

አይጀምርም። ዜናውን የሚያነብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ነው። እርሾ ሙሉ የሰው ጂን ይይዛል እንጂ አያነበውም። የራሱ ጂኖች ኢንትሮን የላቸውም ማለት ይቻላል፤ ከ6 ሺህ ውስጥ 300 ያህሉ ቢኖራቸው ነው፣ እሱም አጭር። የሰው ጂን ግን በአማካይ ስምንት ዘጠኝ ኢንትሮን ይኖረዋል፣ መቁረጫ ምልክቱም የተለየ ነው። የሰውን ማስጀመሪያ ደግሞ እርሾው እንደ ማስጀመሪያ አያየውም። ጋኑ ውስጥ ያለውን ጠላ ጋኑ አይጠጣውም።

ሆኖም ጋን ብቻ ሳይሆን ወጥ ሠሪም የሆነበት ጊዜ አለ። በአገራችን ከ2007 ጀምሮ ሕፃናት በሚወስዱት ባለ አምስት ክትባት ውስጥ የጉበት በሽታ ቢ ክትባት አለ፤ ቫይረሱ ሳይኖር ሽፋኑ ብቻ በእርሾ ህዋስ ውስጥ ይመረታል። አሜሪካ ውስጥ በዚህ መንገድ የተሠራው ክትባት የተፈቀደው በ1986 ነው። እዚያ እርሾው ያነብባል። የሚያነበው ግን 700 ፊደል የማይሞላ፣ ኢንትሮን የሌለው፣ ከፊቱ የእርሾ ማስጀመሪያ የተለጠፈለት ጽሑፍ ነው። ሁለቱም ዜና ላይ "የተገባ ጂን፣ እርሾ" ተብለው ይጻፋሉ፤ ሥራቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይለያያል። ከባለ 189 ሺህ ፊደሉ ጋር እርሾው መጋዘን ነው፣ ከባለ 700ው ጋር ፋብሪካ።

በነገራችን ላይ ይህ የመስፋት ዓመል ለሰው ጂን ብቻ አልዋለም። በ2010 ክሬግ ቬንተር በመሠረተው ተቋም አንድ ሚሊዮን ፊደል ያለው የባክቴሪያ ጂኖም በሙሉ ከቁርጥራጭ የተሰፋው በእርሾ ውስጥ ነው። ኮሮና በገባበት በ2020 መጀመሪያም ስዊዘርላንድ በርን ያሉ ተመራማሪዎች የቫይረሱን 30 ሺህ ገደማ ፊደል ለምርምር እንዲሆን ከቁርጥራጭ ያገጣጠሙት እዚሁ ውስጥ ነበር።

እርሾ ይዞ የማያነበውን ሙሉ የሰው ጂን የሚያነበው የሰው ህዋስ ነው። የሰው ህዋስ ስል ሰው ላይ ማለቴ አይደለም፤ ብልቃጥ ውስጥ በሞቀ ሳጥን የሚራቡ፣ ከዓመታት በፊት ከሰው ተወስደው እስካሁን የሚባዙ ህዋሶች ናቸው። ጂኑን ከእርሾው አውጥቶ፣ ወደ ባክቴሪያ አሸጋግሮ አባዝቶ፣ በስብ ጠቅልሎ ማስገባት ይቻላል፤ ስቡ ከህዋሱ ሽፋን ጋር ይዋሃዳል። ጂኑ ከገባ በኋላ ግን የት እንደሚቀመጥ ራሱ አይመርጥም። አንዳንዱ በተዘጋ የክሮሞሶም ክፍል ውስጥ ይገባና ዝም ይላል፣ አንዳንዱ ሌላ ጠቃሚ ጂን መሃል ገብቶ ይሰብረዋል፣ አንዳንዱ አምስት ስድስት ኮፒ ሆኖ በአንድ ቦታ ይደረደራል። ሙሉ ጂን የወሰድነው መጠኑን ራሱ እንዲቆጣጠር ከሆነ፣ አምስት ኮፒ ያንን ልፋት ገደል ይከተዋል።

በጂን ሕክምና የሚታወቁት ቫይረስ ተሸካሚዎች ደግሞ ለዚህ ያህል ጭነት አልተፈጠሩም። በብዛት የሚሠራበት ኤኤቪ 4,700 ፊደል ገደማ ይችላል። ዲስትሮፊን የሚባለው፣ ሲበላሽ የልጆችን ጡንቻ የሚያደክመው ጂን 2 ሚሊዮን ከ200 ሺህ ፊደል ገደማ ነው፤ ኢንትሮኑ ወጥቶለት እንኳ መልእክቱ 14 ሺህ ይሆናል። ስለዚህ አሁን በዚህ መንገድ የሚሰጠው መሃሉ ተቆርጦ የወጣለት፣ ያጠረ ዲስትሮፊን ነው።

ሌላው አማራጭ ለሰው ህዋስም ተጨማሪ ክሮሞሶም መሥራት ነው። በ1997 ሀንቲንግተን ዊላርድ ቤተ ሙከራ ውስጥ የመጀመሪያው ሰው ሠራሽ የሰው ክሮሞሶም ተሠራ። 46 የነበረው 47 ይሆናል፤ ተጨማሪው ትንሽ ነው፣ የሌሎቹን ጎጆ አይነካም፣ ህዋሱ ሲከፈል እንደ ሌሎቹ ይከፈላል፣ የተጫነበትን ጂን አንድ ኮፒ ብቻ ይዞ ይኖራል። ጭነቱ የሚጫንበት ብዙውን ጊዜ የሃምስተር ህዋስ ውስጥ ነው፤ ከዚያ ክሮሞሶሙ በትንንሽ ኒውክለሶች ተከፋፍሎ ወደ ሰው ህዋስ ይሸጋገራል። እርሾ፣ ባክቴሪያ፣ ሃምስተር፣ ሰው። ረጅም ጉዞ ነው። መሻገሪያው ደግሞ ጠባብ ነው፤ ከመቶ ሺህ ህዋስ አንዱ ቢቀበል ተሳክቷል ይባላል። ለዚህም ነው በብልቃጥና በአይጥ ጥሩ ውጤት አሳይቶ እስካሁን ሐኪም ቤት ያልደረሰው። ጃፓን ቶቶሪ ውስጥ ሙሉው የዲስትሮፊን ጂን እንዲህ ባለ ክሮሞሶም ላይ ተጭኗል፤ እሱ ግን ለእርሾም ስለከበደ በሌላ መንገድ፣ ከክሮሞሶም ወደ ክሮሞሶም ነው የተሸጋገረው።

አክስቴ ይህን ሁሉ ጌሾ እየለቀመች ሰማችኝ። ስለ ሃምስተሩ ምንም አላለችም። "ቆይ" አለች፣ "እርሾው ውስጥ ሙሉው መግባቱን በምን ያውቃሉ? ጎድሎ ቢሆንስ?"

ጎድሎ ይገኛል። አንዳንዱ መንጋ ተደጋጋሚ ጽሑፍ ሲያይ መሃሉን ቆርጦ ይጥላል። ስለዚህ አንዱን መንጋ አምነው አይወስዱም፤ ብዙዎቹን ወስደው የጂኑ መጀመሪያ፣ መሃልና መጨረሻ መኖሩን ያያሉ፣ ቆራርጠው ርዝመቱን በጄል ላይ ይለካሉ፣ በመጨረሻም ከዳር እስከ ዳር ያነቡታል።

"እሺ፣ ሰው ህዋስ ውስጥ ሲገባስ? ህዋሱ ቢድን ያዳነው እሱ መሆኑን በምን አወቁ? በራሱ ድኖ ቢሆንስ?"

ይህንን ተማሪዎቼ ጠይቀውኝ አያውቁም። መልሱ ደግሞ ከሁሉም የሚያምረው ክፍል ነው። በ2011 ላሪዮኖቭና ኩፕሪና ያሉበት ቡድን ቪኤችኤል የተባለውን ጂን ሙሉውን በእርሾ ያዘ። ሲበላሽ የኩላሊት ካንሰርን ጨምሮ ዕጢ የሚያመጣ ጂን ነው። በሰው ሠራሽ ክሮሞሶም ላይ ጭነው ጂኑ ወደሌለው የሰው ህዋስ አስገቡት፤ ጉድለቱ ተስተካከለ። እዚህ ላይ አላቆሙም። ክሮሞሶሙ ሲሠራ ሴንትሮሜሩ ላይ፣ ያ ህዋስ ሲከፈል የሚጎተትበት እጀታ ላይ፣ ሲፈልጉ የሚያጠፉበት ማብሪያ ማጥፊያ አስቀድሞ ተተክሎበት ነበር። አጠፉት። እጀታ የሌለው ክሮሞሶም ህዋሱ ሲከፈል ወደ ኋላ ቀረ፣ ከጥቂት መከፋፈል በኋላም ከህዋሶቹ ጠፋ። ጉድለቱ ተመለሰ።

"እንዴ፣ ገባኝ እኮ" አለች አክስቴ። "አምና ጠላው ሲመርብኝ ጌሾው ነው ብቅሉ እያልኩ ስንት ጊዜ ተጨቃጨቅሁ። ኋላ ያንን ጌሾ ትቼ በሌላ ስጠነስስ ደህና ወጣ። መልሼ በዚያው ጌሾ ስጠነስስ ደግሞ መረረ።"

ከዚያ የጋኑን ጨርቅ ገልጣ ጆሮዋን አስጠጋች። ገና ነበር።